«ኮሌስትሮሌን የጨመረው የሉፐስ መድኃኒቴ ነው?»

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው። ሉፐስ እንዳለብኝ ከታወቀ 3 ዓመት ሆነኝ። ያኔ ቆዳዬንና መገጣጠሚያዬን ነበር ያመመኝ። ከ8 ወር በፊት አገርሽቶብኝ ፕሬድኒሶሎን በ40 ሚሊግራም ተጀመረልኝ። እየቀነሰ መጥቶ አሁን 15 ላይ ነኝ፤ እዚያው ከቆምኩ 5 ወር ሆነኝ። 7 ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ፊቴ ድብልብል ብሏል፣ ማታ ማታ ጫማ ይጠበኛል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሆዴን ስላመመኝና ዓይን ያጠፋል ስላሉኝ ከ5 ወር በፊት በራሴ ተውኩት። ባለፈው ሳምንት የደም ስብ ስመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮል 262፣ ትራይግሊሰራይድ 240፣ ኤችዲኤል 48 ሆነ። በሽታው ሲገኝብኝ፣ መድኃኒት ሳልጀምር፣ 178፣ 210 እና 36 ነበር። 'ከመድኃኒቱ ነው' አሉኝ። ፕሬድኒሶሎኑን ባቆመው ይወርድልኛል? ወይስ የኮሌስትሮል መድኃኒት ልጀምር? በሚቀጥለው ዓመት ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለን።»

ምላሹ፦ ሰላም እህቴ። በዕድሜ ታናሼ ስለምትሆኚ «አንቺ» ማለቴን አትቀየሚኝ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ሰው «ኮሌስትሮሌ ከፍ ብሏል፣ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ነው የሚያበቃው። አንቺ ግን የበፊቱን ወረቀት ሳይቀር አውጥተሽ ጽፈሽልኛል። እሱ ባይኖር ይህን ያህል የምለው አይኖረኝም ነበር። እንዲያውም ከቁጥሮቹ ይበልጥ ያሳሰበኝ መሃል ላይ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው አንድ ነገር ነው። እደርስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ፕሬድኒሶሎኑን በራስሽ እንዳታቆሚ። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው። 8 ወር ሙሉ ስቴሮይድ ከውጭ ሲገባለት የቆየ ሰውነት የራሱን ማምረት ይተዋል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ እጢዎች እንቅልፍ ላይ ናቸው። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ሲቀር ቶሎ አይነቁም። ያኔ ደም ግፊት ይወርዳል፣ ማስታወክ ይመጣል፣ ሰው ራሱን ይስታል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ሉፐሱም፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታሽ፣ በዚያው ሊያገረሽ ይችላል። ኮሌስትሮል የሚጎዳው በዓመታት ነው። ይሄኛው በቀናት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ክሱ። «ከመድኃኒቱ ነው» ያሉሽ ሰዎች አልዋሹም። ግን ነገሩን በግማሽ ነው የነገሩሽ። «የሉፐስ መድኃኒት» እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው መድኃኒቶች የደም ስብ ላይ የሚሠሩት ለየቅል ነው። አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ አይነካም፣ አንዱ ደግሞ ይቀንሳል። የሚቀንሰው አንቺ የተውሽው ነው።

እስቲ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን እናድርጋቸው። ኤልዲኤል፣ ማለትም የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፣ አልጻፍሽልኝም። ግን ከሌሎቹ ይሰላል። ብዙ ላብራቶሪም እንዲሁ አስልቶ ነው የሚሰጠው። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን፣ ማለትም ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ቀንሺ፤ ከቀረው ላይ ደግሞ የትራይግሊሰራይዱን፣ ማለትም የሌላውን የደም ስብ ዓይነት፣ አንድ አምስተኛ ቀንሺ። የበፊቱ፦ 178 ሲቀነስ 36፣ ሲቀነስ 42፣ 100 ይመጣል። ያሁኑ፦ 262 ሲቀነስ 48፣ ሲቀነስ 48፣ 166። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ሒሳብ አይታመንም፤ ያንቺ ግን አላለፈም። ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። አንዳንድ ላብራቶሪ በሚሊሞል ስለሚጽፍ ወረቀት ስታወዳድሪ መለኪያውን እዪ። 6.8 የሚል ወረቀት ይዞ «ዳንኩ» ያለኝ ሰው አውቃለሁ። 6.8 ሚሊሞል ማለት ከሞላ ጎደል ያንቺው 262 ነው።

ያኔ 178 ሲሉሽ ማንም የደነገጠ አይመስለኝም። ጠቅላላው ጥሩ ነው፣ ኤልዲኤልም 100 ነው። ግን ትራይግሊሰራይድ 210 ነበር፤ ከ150 በታች ነበር መሆን ያለበት። ኤችዲኤል 36 ነበር፤ ለሴት ከ50 በላይ ቢሆን ይመረጣል። አንድም ኪኒን ሳትውጪ ማለት ነው። ይህን ያደረገው ማን ነው? ሉፐሱ ራሱ።

ሐኪሞች ይህን መልክ በደንብ ያውቁታል፦ ትራይግሊሰራይድ ከፍ፣ ኤችዲኤል ዝቅ። ሉፐስ ሲነሳ ሰውነት በሙሉ ይቆጣል። ትራይግሊሰራይድን ከደም ላይ እየፈጨ የሚያነሳ ኢንዛይም አለ፤ ሰውነት ሲቆጣ ሥራው ይቀዘቅዛል። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ደግሞ ሰውነት በዚሁ ኢንዛይም ላይ አንቲቦዲ ያመርታል። የገዛ ራሱን መጥረጊያ መስበር በይው። ኤችዲኤልም ቁጥሩ ማነሱ ብቻ አይደለም። ጥሩው ኮሌስትሮል የምንለው፣ ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ስብ እየጠረገ ስለሚመልስ ነው። በብዙ የሉፐስ ሕሙማን ግን ይህን ሥራ ትቶ ጭራሽ መቆጣቱን ወደ ማባባስ ይዞራል። ስለዚህ ያሁኑ 48 ከ36 ይሻላል ብዬ ብዙም አልጽናናበትም።

ሌላም ነገር አለ። ሰውነት ክፉኛ ሲቆጣ ኤልዲኤልና ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከወትሮው ሊያንሱ ይችላሉ። ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ላይም እንዲሁ ነው። በሽታው ሲታከምና ሰው ምግብ መብላት ሲጀምር ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ከ3 ዓመት በፊት የነበረው 178 ያንቺ እውነተኛ መነሻ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ጤነኛ ሆነሽ ብትለኪ 190 ወይም 200 ትሆኚ ነበር። «ከ178 ወደ 262 ዘለለ» ከሚባለው ዝላይ ከፊሉ ዝላይ አይደለም ማለት ነው።

ፕሬድኒሶሎን ግን ንጹሕ አይደለም። ስቴሮይድ ጉበትን ስብ እንዲያመርት ይገፋፋዋል፤ ኢንሱሊን እንዳይታዘዝ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል። እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ ማዕድ ቤት መግባት የሚያውቅ ያውቀዋል። የፊትሽ መድበልበል ከዚሁ የመጣ ነው። መጠኑ ሲቀንስ ይሄዳል፤ አትሸበሪ።

ምን ያህል ይጨምራል? እዚህ ላይ ጥሩ ቁጥር አለን። እ.ኤ.አ. በ1994 የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች የሉፐስ ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትለው ያገኙት ይህ ነው፦ የፕሬድኒሶን መጠን በ10 ሚሊግራም ሲጨምር ጠቅላላ ኮሌስትሮል በአማካይ በ7.5 ይጨምራል። ክብደትም በ2.5 ኪሎ ገደማ ከፍ ይላል፤ ደም ግፊትም በጥቂቱ። ፕሬድኒሶን ጉበት ውስጥ ገብቶ ፕሬድኒሶሎን የሚሆን ስለሆነ በሚሊግራም እኩል አድርገሽ ያዢው። ዋናው ነገር መጠኑ ነው። 5 ሚሊግራም እና 40 ሚሊግራም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ደም ውስጥ የሚሠሩት አንድ አይደለም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት መመሪያ፣ የሉፐስ ሕመምተኛ ለረጅም ጊዜ የምትወስደው ፕሬድኒሶሎን በቀን ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ጨርሶ እንዲቆም ይላሉ። አንቺ 15 ላይ 5 ወር ቆመሻል። ይሄ ሐኪምሽን በጨዋ አነጋገር የምትጠይቂበት ነገር ነው፦ «ከ15 መውረድ ያልቻልነው ለምንድን ነው?»

መልሱን እኔ ልገምት። ሃይድሮክሲክሎሮኪኑ ስለቀረ ይመስለኛል።

ይህ መድኃኒት መጀመሪያ የወባ መድኃኒት ነበር። ዛሬ የሉፐስ ሕክምና መሠረት ነው፤ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር ማንኛዋም የሉፐስ ሕመምተኛ ልትወስደው ይገባል። ሐኪምሽ ሲያዝልሽ «ይሄ ቀላሉ ነው» ብሎሽ ከሆነ፣ ቀላል ማለት የማያስፈልግ ማለት እንዳልሆነ አልነገረሽም። እ.ኤ.አ. በ1991 የካናዳ ሐኪሞች በሽታቸው የረጋላቸውን ሕሙማን ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ መድኃኒቱን ቀጠለ፤ ግማሹ ሳያውቅ በባዶ ኪኒን ተተካለት። የተተካላቸው ሰዎች ከቀጠሉት 2.5 እጥፍ አገረሸባቸው። ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ስታቆሚው ወዲያው ምንም አይታወቅሽም። «ይኸው ተውኩት፣ ምንም አልሆንኩም» የሚባለው ለዚህ ነው። ጉዱ ወራት ቆይቶ ይመጣል።

ስለ ስቡስ? ያው የ1994ቱ ጥናት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚወስዱ ሕሙማን ጠቅላላ ኮሌስትሮል በ9 ገደማ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚያ ወዲህም ብዙዎች ተመሳሳይ ነገር አይተዋል፤ በተለይ ስቴሮይድ አብረው በሚወስዱ ሰዎች ላይ። አሠራሩ እንዲህ ነው ተብሎ ይታሰባል። መድኃኒቱ ሴል ውስጥ ያለውን የመፍጫ ክፍል ያቀዘቅዘዋል። ሴሉ ኮሌስትሮል ያጠረው ይመስለዋል። ስለዚህ ኤልዲኤልን ከደም የሚስብባቸውን በሮች ያበዛል። ደም ውስጥ ያለው ይቀንሳል። በዚያ ላይ የደም ስኳርን ያሻሽላል፣ ደም እንዳይረጋም ይረዳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን በተዘዋዋሪ ነው፤ በሽታውን ይዞልሽ ፕሬድኒሶሎኑን እንድትቀንሺ ያደርግሻል።

የዓይኑ ነገር እውነት ነው። ግን የተነገረሽ በዚያ መልኩ አይደለም። ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ሬቲናን፣ ማለትም የዓይንን የውስጥ ሽፋን፣ ሊጎዳ ይችላል። መጠኑ በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊግራም ካልበለጠ ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የሚጎዳው ከ100 ሰው 1 አይሞላም። በ10 ዓመትም ከ2 በታች ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ነው ከፍ የሚለው። አንቺ 70 ኪሎ ብትሆኚ በቀን እስከ 350 ሚሊግራም ማለት ነው። ኪኒኑ 200 ስለሆነ አንድ ቀን 2፣ አንድ ቀን 1 እያደረጉ በአማካይ 300 ላይ ያቆዩታል። በጀመርሽበት ዓመት አንዴ የዓይን ሐኪም ያይሻል፤ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ። ኩላሊት ሲታመም ግን መድኃኒቱ ስለሚጠራቀም ምርመራው ቶሎ ይጀመራል፣ መጠኑም ይታያል። ሆድሽን ካመመሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው፣ ወይም ለሁለት ከፍለሽ ጠዋትና ማታ አድርጊው። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ሥራውን የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነውና ሳምንት ሞክረሽ «አልሠራልኝም» እንዳትይ።

ሌሎቹን የሉፐስ መድኃኒቶች በአጭሩ ልለፍ፤ ለጊዜው አንቺን አይመለከቱም። አዛታይዮፕሪን እና ማይኮፌኖሌት የደም ስብን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይነኩም። ቤሊሙማብም እንዲሁ። ሳይክሎስፖሪን ኤልዲኤልን ይጨምራል፤ ታክሮሊመስ ከእሱ ይሻላል። ሳይክሎስፖሪንን ከኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር መቀላቀል ደግሞ አደገኛ ነው። ሲምቫስታቲን ጭራሽ አብሮት አይሰጥም፤ ጡንቻ እስከ ማሟሟት ይደርሳል። ይህን ለሌሎች አንባቢዎች ነው የጻፍኩት።

አሁን እንደመር። ፕሬድኒሶሎን 15 ሚሊግራም፦ በአማካይ 11 ገደማ ይጨምራል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሲቀር፦ 9 ገደማ። አንድ ላይ 20። የመጀመሪያው 178 በመቆጣቱ የተነሳ ዝቅ ያለ ነበር ብለን 20 ተጨማሪ እንስጠው። 7 ኪሎውም የራሱን ይጨምር። አማካይ ቁጥር ደግሞ ያንቺ ቁጥር አይደለም፤ አንዷ ላይ 5፣ አንዷ ላይ 30 ሊሆን ይችላል። በ40 የጀመርሽበትም ጊዜ አሻራውን ይተዋል። ይህን ሁሉ ደምሬም ግን 84 ለመሙላት ይከብደኛል። ሒሳቡ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ።

ወደ ጫማሽ ልምጣ።

«ማታ ማታ ጫማ ይጠበኛል» ብለሻል። ውፍረት ጫማን ጠዋትም ማታም ነው የሚያጠበው። ጠዋት ልክ ሆኖ ማታ የሚጠብ ጫማ ውኃ ነው። ስቴሮይድ ራሱ ጨውና ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ምንም ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ሉፐስ፣ የእግር እብጠት እና ድንገት የናረ ኮሌስትሮል አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኩላሊትን ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ያንቺን ዕድሜ የምታህል የሉፐስ ሕመምተኛ መጣችልኝ። ኮሌስትሮሏ ከ340 በላይ ነበር። ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። እኔም እንደ ሰዎቹ «ከመድኃኒቱ ነው» አልኩና ስታቲን፣ ማለትም ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት፣ አዘዝኩላት። የኩላሊት ምርመራዋን አይቼ ነበር፤ ክሬቲኒኗ፣ ማለትም የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ልኬት፣ ልክ ነበር። ተረጋጋሁ። ከ2 ወር በኋላ ስትመለስ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጥልቅ መስመር ሠርቶ አየሁ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። የሽንት መመርመሪያ ወረቀቱን ሽንቷ ውስጥ ነከርነው። ቢጫ መሆን የነበረበት ጫፉ ዓይናችን እያየ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ፕሮቲን ነበር፤ ያውም በብዛት። ያ ወረቀት ከ2 ወር በፊትም በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሉፐስ ሕመምተኛ ኮሌስትሮል ከፍ ባለ ቁጥር ሽንት ሳላይ አላልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉፐስ የኩላሊትን ወንፊት ሲጎዳ ፕሮቲን በሽንት ይፈሳል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ይሯሯጣል። ሲሯሯጥ ግን ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ስብ ተሸካሚዎችንም አብሮ በገፍ ያመርታል። የሚያነሳቸውም ክፍል ይዳከማል። ኮሌስትሮል 300 እና 400 ይገባል። ደግሞ አያምም። ወገብም አይቆጠቁጥም። ክሬቲኒን ለረጅም ጊዜ ልክ ሊሆን ይችላል። ሽንት ግን ይናገራል፤ አንዳንዴ መጸዳጃው ላይ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ይሠራል። በቀን ከግማሽ ግራም በላይ ፕሮቲን የሚፈስ ከሆነ የኩላሊት ናሙና ስለመውሰድ መነጋገር ይጀመራል። እንዲህ ዓይነቱ ኮሌስትሮል የሚወርደው በዋናነት ኩላሊቱ ሲታከም ነው። ያኔ ፕሬድኒሶሎን ጠላት መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ይሆናል። ያውም ለጊዜው መጠኑ ሊጨመር ይችላል። «ባቆመው ይወርድልኛል?» ላልሽው፣ ነገሩ ከኩላሊት ከሆነ ማቆሙ ኮሌስትሮሉን ጭራሽ ያንረዋል።

የታይሮይድ እጢም አብሮ ይመርመር። ሉፐስ ያለባት ሴት ላይ ይህ እጢ መድከሙ የተለመደ ነው። ሲደክም ደግሞ ኤልዲኤል ይጨምራል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ፊት ያብጣል። ሁሉንም በፕሬድኒሶሎን ማሳበብ ይቀላል። አንድ የደም ምርመራ ነው፣ ያልቃል። የደም ስኳርና ደም ግፊትም መታየት አለባቸው።

ይህን ሁሉ የማወራው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የቶሮንቶ ሐኪሞች የሉፐስ ሕሙማን የሚሞቱባቸው ጊዜያት ሁለት መሆናቸውን አስተዋሉ። መጀመሪያ አካባቢ በበሽታው በራሱና በኢንፌክሽን፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በልብ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የፒትስበርግ ጥናት ከ35 እስከ 44 ዓመት ያሉ የሉፐስ ሕሙማን ሴቶች ከእኩዮቻቸው ከ50 እጥፍ በላይ ለሃርት አታክ እንደሚጋለጡ አሳየ። አትደንግጪ። በዚያ ዕድሜ ሃርት አታክ የሚይዛቸው ሴቶች እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ነው እጥፉ እንዲህ የገነነው። ደግሞ ያ ዘመን ስቴሮይድ እንደ ልብ የሚታዘዝበት ነበር። ግን «ገና ልጅ ነሽ፣ ኮሌስትሮል አያሳስብሽም» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ አትስሚው።

ታዲያ የኮሌስትሮል መድኃኒት ትጀምሪ? እኔ ብሆን ዛሬ አልጀምርልሽም። ስታቲን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የሚያስፈልገው ሰው ላይ ሕይወት ያተርፋል። ነገር ግን ሉፐስ ስላለ ብቻ ለሁሉም ቢሰጥስ ተብሎ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 200 ሕሙማን ለ2 ዓመት ተከታትለው፣ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም የወሰዱትና ባዶ ኪኒን የወሰዱት የልብ ደም ሥራቸው ላይ የተጠራቀመው ካልሲየም አልተለያየም። ሉፐስ ባለባቸው 221 ልጆችና ወጣቶች ላይ ለ3 ዓመት የተደረገውም እንዲሁ ግልጽ ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ የምንሰጠው እንደማንኛውም ሰው ምክንያት ሲኖር ነው፦ ኤልዲኤል 190 እና በላይ ሆኖ ሲቆይ፣ ስኳር በሽታ ሲኖር፣ ልብ ወይም አንጎል ላይ አደጋ ደርሶ ከሆነ፣ ኩላሊት ሲታመምና ዕድሜ ሲገፋ። ያንቺ 166 መሃል ላይ ነው። መጀመሪያ የሚስተካከሉት ነገሮች ይስተካከሉ።

ሌላው ምክንያቴ የልጁ ሐሳብ ነው። ስታቲን ለማርገዝ በሚሞከርበትና በእርግዝና ጊዜ ለአብዛኞቹ ሴቶች ይቆማል። አሁን ጀምረሽ ከጥቂት ወራት በኋላ የምታቆሚው ከሆነ ትርፉ አይታየኝም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን በእርግዝናም አይቆምም፤ እንዲያውም እንዳያገረሽ የሚጠብቅሽ እሱ ነው። በሽታው ቢያንስ 6 ወር ረግቶ ከቆየ በኋላ ማርገዝ ይመከራል። ኩላሊት ላይ ነገር ተገኝቶ ማይኮፌኖሌት ከተጀመረልሽ ጽንስን ስለሚጎዳ ከማርገዝሽ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት በሌላ መተካት አለበት። ስለዚህ እቅዳችሁን ለሐኪምሽ አሁኑኑ ንገሪው። ስትወልጂ አይደለም። ደግሞ በእርግዝና ኮሌስትሮል በተፈጥሮው ስለሚጨምር ያኔ ተለክተሽ አትሸበሪ።

ምናልባት ወደፊት ስታቲን ከጀመርሽ ስለ ጡንቻ አንድ ነገር እወቂ። ስታቲን ጡንቻን ያሳምማል፤ ሉፐስም ያሳምማል። ስቴሮይድ ደግሞ ሳያሳምም ያደክማል። ከወንበር ለመነሳት በእጅ መደገፍ ካስፈለገሽ፣ ደረጃ መውጣት ካቃተሽ፣ ሕመም ግን ከሌለ፣ ስቴሮይዱን ጠርጥሪ። ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ ለመለየት ይረዳል፤ በስቴሮይድ ድካም ላይ ልክ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ ታውቂዋለሽ። ጣፋጭና የተጠበሰ ይቀንስ፣ ጨውም ለእግርሽ ሲባል ይቀንስ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ። ካጨስሽ አቁሚ። «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ለኮሌስትሮል የሚሸጥ ነገር ግን አትግዢ። ከቀይ እርሾ ሩዝ የሚሠራው እንክብል ለምሳሌ ውስጡ ያለው ያው የስታቲን ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ አለመታወቁ ነው። ማርገዝ ለምታስብ ሴት ይህ ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ሃይድሮክሲክሎሮኪኑን እንደተውሽ ሳትደብቂ ንገሪው፤ ብዙ ሕሙማን ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ፣ ሐኪሙም የሌለ መድኃኒት ይዞ ይወስናል። የሽንት ምርመራ፣ በተለይ የፕሮቲንና የክሬቲኒን ንጽጽር፣ ይታዘዝልሽ። የታይሮይድ፣ የስኳርና የኩላሊት ምርመራም አብሮ። ሽንትሽ ንጹሕ ከሆነ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪኑን መልሰሽ፣ ፕሬድኒሶሎኑም በሐኪምሽ እየተመራ ወርዶ፣ የደም ስቡን ከ3 ወር በኋላ ድገሚው። ጉንፋን ወይም ትኩሳት በያዘሽ ሰሞን አትለኪ። ትራይግሊሰራይድሽ ከፍ ያለ ስለሆነ ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ሳትበዪ ቆይተሽ ሂጂ፤ ውኃ ይፈቀዳል፣ የጠዋት ኪኒንሽንም አትዝለዪ። ለሽንቱ ደግሞ ከእንቅልፍሽ እንደተነሳሽ የመጀመሪያውን ያዢ፤ የወር አበባሽ ላይ ከሆንሽ እስኪያልፍ ጠብቂ። እግርሽ ግን ጠዋትም ማበጥ ከጀመረ፣ ወይም ሲነጋ ዓይንሽ ዙሪያ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ታዪ።